ውሻን በጉርሻ ሥዕል ማስተማር፦ ከጉበት ቁራሽ እስከ ሸራ

ውሻ ሥዕል ይሥላል ሲባል ብዙ ሰው ወይ ነገሩ ቀልድ ይመስለዋል፣ ወይም እንስሳው ተገርፎ የተማረ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። ውሻው የሚያደርገው በአፉ እንጨት ነክሶ፣ ከእንጨቱ ጋር የተያያዘውን ብሩሽ ሰሌዳ ላይ አስነክቶ፣ አንገቱን ወደ ጎን ማዞር ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ጉርሻ እንደሚከተል ስለሚያውቅ ነው። ሸራው ላይ የሚቀረው የቀለም መስመር ለእኛ ሥዕል ሲሆን ለእርሱ ግን ጉበት ያስገኘ ሥራ ዱካ ብቻ ነው። ይህን ከመነሻው መቀበል ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አሠልጣኙ ዓይኑን ከሥዕሉ አንሥቶ ውሻው አፍና አንገት ላይ ካላሳረፈ ትምህርቱ አይገፋም።

የምጽፈው ቡቺ የተባለውን የ3 ዓመት ውሻዬን በግቢያችን ሳስተምር ካየሁት ተነሥቼ ነው። ቡቺ ዘሩ አይታወቅም፤ ቀን በር ሥር ተኝቶ ሌሊት አጥር ለአጥር እየተሯሯጠ ሲጮኽ ያደገ ነው፤ ከሥልጠናው በፊት «ና» ሲባል እንኳ የሚመጣው ደስ ሲለው ብቻ ነበር። ስለዚህ «የኔ ውሻ ፈረንጅ ዘር አይደለም» ብሎ ወደ ኋላ የሚል አንባቢ ካለ፣ ስጋቱ ከንቱ ነው። የሚያስፈልገው መብላት የሚወድ ውሻና ትዕግሥት ያለው ሰው ነው፤ ከሁለቱ በብርቱ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው።

ዘዴው ከየት መጣ

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የተራቡ ድመቶችን ገመድ ሲሳብ ወይም መወርወሪያ ሲነካ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ እየዘጋ፣ ለመውጣት የሚፈጅባቸውን ጊዜ ይመዘግብ ነበር። ድመቶቹ መክፈቻውን አንድ ጊዜ በድንገት ከነኩት በኋላ በየሙከራው የሚፈጅባቸው ጊዜ እያጠረ ሄደ፤ እርሱም ከዚህ ተነሥቶ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስከተለ ድርጊት እንደሚደጋገም ደመደመ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ሐሳቡን አስፋፋው፤ ከእርሱ ዘንድ የተማሩት ባልና ሚስት ኬለርና ሜሪያን ብሬላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 ዘዴውን ከቤተ ሙከራ አውጥተው ለትርኢትና ለማስታወቂያ የሚሆኑ እንስሳትን የሚያሠለጥን ድርጅት አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ የመጡት የዶልፊን አሠልጣኞች ዘዴውን የበለጠ አጠሩት፤ ዋኝቶ የሚርቅን እንስሳ በገመድ መጎተትም በዱላ ማስፈራራትም ስለማይቻል፣ የቀራቸው መንገድ ልክ የሆነውን ድርጊት በፉጨት ጠቁሞ ዓሣ መወርወር ብቻ ነበር።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረታችንን ብዙውን ጊዜ ስለ ሰው ታማኝነት እንተርተዋለን፤ አሠልጣኝ ግን ተረቱን እንደ ተነገረ ቃል በቃል ሊወስደው ይገባል። ውሻ በበላበት ቦታ፣ በበላበት ቅጽበት ያደርግ የነበረውን ይደግማል። አፉን ከፍቶ ሳለ ከበላ አፉን ይከፍታል፤ ብሩሽ ነክሶ ሳለ ከበላ ብሩሽ ይነክሳል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ የዚህ ነገር ማብራሪያ ነው።

ምን ይዘጋጃል

ከሁሉ በፊት የሚዘጋጀው ጉርሻው ነው። ጉርሻው ውሻው በየቀኑ ከሚበላው የተለየ፣ ሽታው የሚስብ፣ ለስላሳና ብዙ ሳይታኘክ የሚዋጥ መሆን አለበት። እኔ የምመርጠው ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ የበሬ ጉበት ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በሽምብራ ፍሬ መጠን ይቆረጣል። ቁራሹ ማነሱ ከስስት የመጣ አይደለም፤ በ5 ደቂቃ ልምምድ ውስጥ 40 እና 50 ጊዜ ማጉረስ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ውሻው ከጠገበ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አበቃ ማለት ነው። የጉርሻው ድምር ከዕለት ምግቡ 10 በመቶ እንዳያልፍ የእንስሳት ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ጉበት በቫይታሚን ኤ የበለጸገ በመሆኑም በየቀኑ ከመስጠት ከዶሮ ሥጋ ወይም ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ማፈራረቅ ይሻላል። በጾም ወራት ሥጋ የማይገባበት ቤት የተቀቀለ ካሮት ወይም ስኳር ድንች ያገለግላል፤ ምንም እንኳ ቡቺ በዐቢይ ጾም በካሮት መሥራትን እንደ ንቀት ቢቆጥረውም።

ከምሳ የተረፈ ወጥ ግን ፈጽሞ አይሰጥ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ፤ የወጣችን መሠረት ደግሞ ሽንኩርት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠርና አንጀት ይወጋል። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። የኦቾሎኒ ቅቤ የሚጠቀም ሰው በስኳር ምትክ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ያልገባበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቦ ያረጋግጥ፤ ይህ ማጣፈጫ ለሰው ጉዳት ባይኖረውም የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ አዘቅዝቆ ሊገድለው ይችላል።

ሁለተኛው መሣሪያ ድምፅ ነው። ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1951 ለአጠቃላይ አንባቢ በጻፈው ጽሑፍ ሲጫኑት ቀጭ የሚል የልጆች መጫወቻ እንዲጠቀሙ መክሮ ነበር፤ ዛሬ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራው ትንሽ መሣሪያ ክሊከር ይባላል። ክሊከር የሌለው ሰው ጫፉን ሲጫኑት ቀጭ የሚል እስክሪብቶ ይጠቀም፤ ወይም አንድ አጭር ቃል ይምረጥ። እኔ «ጎሽ» የሚለውን ቃል መረጥኩ፤ አጭር ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፣ ከሌላ ትእዛዝም ጋር አይመሳሰልም። አንድ እንከን ግን አለው፦ በቤታችን ልጆች የቤት ሥራቸውን በጨረሱ ቁጥር «ጎሽ» ስለሚባሉ ቡቺ በመስኮት ሥር ቆሞ ጉበቱን መጠበቅ ጀመረ። በቤትዎ ቃሉ የሚዘወተር ከሆነ እስክሪብቶው ይሻላል።

ሦስተኛው ብሩሹ ነው። ውሻ ተራ ብሩሽ ሲነክስ እጀታውን የሚይዘው በአፉ አግድም ስለሆነ የብሩሹ ጫፍ ወደ ጉንጩ ጎን ይወጣና ሰሌዳውን አይነካም። ስለዚህ ከመጥረጊያ እንጨት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል፤ መሐሉ ይበሳና ርዝመቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብሩሽ እጀታው ከቀዳዳው ገብቶ በእንጨት ማጣበቂያ ይጠብቃል። ቅርጹ መዶሻ ይመስላል፤ ውሻው የሚነክሰው የመዶሻውን ራስ ሲሆን ብሩሹ በእጀታው ቦታ ወደ ፊት ይወጣል። ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ የሚነከሰው ክፍል በጥጥ ጨርቅ ተጠምጥሞ ይሰፋል፤ ጨርቁ ለጥርስ ይለሰልሳል፣ የእንጨት ስንጥርም ይከላከላል። ፕላስቲክ መጠምጠም አይመከርም፤ ውሻ ቦጭቆ ይውጠዋል። ለትንሽ ውሻ እንጨቱም ቀጭንና አጭር ይሁን።

ቀለሙ ለሕፃናት የተሠራ፣ መርዛማ አለመሆኑ የተጻፈበትና በውሃ የሚታጠብ መሆን አለበት። የዘይት ቀለምና ማቅጠኛው አኳራጅ ግቢው ውስጥ ባይኖሩ ይመረጣል። ስለ ቀለም ምርጫ ሲነሣ፣ ውሻ ዓለምን በጥቁርና በነጭ ያያል የሚባለው ትክክል አይደለም። የሰው ዓይን ቀለም የሚለይባቸው 3 ዓይነት ሴሎች ሲኖሩት የውሻ ዓይን 2 ዓይነት አለው፤ በዚህም ምክንያት ሰማያዊንና ቢጫን በደንብ ይለያል፣ ቀይንና አረንጓዴን ግን ያምታታል። ስለዚህ ውሻው እንዲነካው የምንፈልገው ምልክት በነጭ ላይ ሰማያዊ ይሁን። በሥዕሉ ላይ የሚውለው ቀለም የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ ቡቺ ቀይ ቢሰጡትም ቅሬታ የለውም።

ሸራ ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም። የዕቃ ካርቶን በውሻው አፍንጫ ከፍታ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ለወር ያገለግላል፤ ዋናው ነገር እንዳይወዛወዝና እንዳይወድቅ ነው። በልምምድ መሐል ሰሌዳ የወደቀበት ውሻ ወደዚያ ግድግዳ ለመመለስ ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል። ከዚህ ሌላ እጅዎን ወደ አፉ አዘውትረው የሚያስገቡ ስለሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ያልተስተጓጎለ መሆን አለበት፤ ቡችላ ከሆነም ከ4 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ ጥርሱን ስለሚቀይርና ድዱን ስለሚያመው የመንከስ ልምምዱ ከዚያ በኋላ ይጀመር።

«ጎሽ»ን ትርጉም መስጠት

በመጀመሪያው ቀን ከውሻው ምንም አይጠየቅም። ጸጥ ባለ ቦታ ቆመው «ጎሽ» ይላሉ፣ ወዲያው ያጎርሱታል፤ ትንሽ ቆይተው ይደግሙታል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ የእጅ እንቅስቃሴው። እጅ ቀድሞ ወደ ኪስ ከገባ ውሻው እጁን ማየት ይለምዳል እንጂ ድምፁን አይሰማም። ከ20 ያህል ድግግሞሽ በኋላ ውሻው ወደ ሌላ ሲያይ «ጎሽ» ይበሉ፤ ጆሮው ከቆመና ፊቱን ወደ እርስዎ ካዞረ ቃሉ ዋጋ አግኝቷል።

ድምፁ ትክክለኛውን ቅጽበት እንደ ፎቶግራፍ የሚያስቀር ስለሆነ የአሠልጣኙ እጅ መፍጠን አለበት። ይህን ያለ ውሻው መለማመድ ይቻላል፦ አንድ ልጅ ኳስ ያንጥር፣ እርስዎ ኳሱ መሬት በነካ ቁጥር እስክሪብቶውን ይጫኑ። ልጁ ዘግይተዋል ብሎ ካልሳቀብዎ ዝግጁ ነዎት።

ቀጥሎ ውሻው ሰማያዊውን ክብ በአፍንጫው እንዲነካ ይማራል። በመዳፍዎ ላይ የተለጠፈ የሻይ ስኒ አፍ የሚያህል ሰማያዊ ወረቀት ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ራቅ አድርገው ያቅርቡለት፤ ሊያሸተው ሲጠጋ «ጎሽ»። ይህ ለአብዛኛው ውሻ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ ወረቀቱ ከመዳፍ ወደ ካርቶኑ ይዛወራል፣ ውሻውም ከ2 ሜትር ርቀት ሄዶ እንዲነካው ይለማመዳል።

እንጨቱን መያዝ

ከጠቅላላው ትምህርት ረጅሙና አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ተስፋ የሚቆርጥ ሰውም ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ለመነሻ ብሩሽ የሌለው፣ በጨርቅ የተጠመጠመ ሌላ ተመሳሳይ እንጨት ይዘጋጅ። እንጨቱን በእጅዎ እንደ ያዙ በደረቱ ከፍታ ያቅርቡለትና ዝም ይበሉ። ሲያየው «ጎሽ»፤ ሲያሸተው «ጎሽ»፤ ከንፈሩ ሲነካው «ጎሽ»፤ ጥርሱ ሲነካው «ጎሽ» ብለው 2 እና 3 ቁራሽ ያጉርሱት። በእያንዳንዱ እርከን ከ10 ሙከራ 8ቱ ከተሳኩ ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ 5ቱ እንኳ ካልተሳኩ አንድ እርከን ይመለሱ። መመለስ ኪሳራ አይደለም፤ ውሻው ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሰጠነው ቁራጭ ትምህርት መወፈሩ ነው።

የውሻውን መንጋጋ በእጅ ከፍቶ እንጨቱን ማስገባት ነገሩን የሚያፋጥን ይመስላል። አያፋጥንም፤ በግድ የገባበትን ነገር ውሻ የሚያስበው እንዴት እንደሚተፋው ነው። በታይላንድ ለቱሪስት ሥዕል የሚሥሉ ዝሆኖችን በቅርብ ያየ ሰው ጠባቂው ከጎን ቆሞ ጆሯቸውን በመጎተት ብሩሹን እንደሚመራ ያስተውላል፤ መስመሩ የዝሆኑ ሳይሆን የጠባቂው ነው። እኛ የምንፈልገው እንስሳው ራሱ መጥቶ የሚነክሰውን እንጨት ነው።

ውሻው በጥርሱ መያዝ ሲጀምር እርስዎ እጅዎን ሳይለቁ ግማሽ ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ «ጎሽ»። በሚቀጥለው ቀን 1 ሰከንድ፤ ከዚያ 2። ጊዜው ሁልጊዜ እያደገ አይሂድ፤ 2፣ 1፣ 3፣ 1 እያሉ ማቀያየር ውሻው በየጊዜው እየከበደ ነው ብሎ እንዳይሸሽ ያደርጋል። 3 ሰከንድ ሲደርስ እጅዎን ቀስ ብለው ይልቀቁ። 5 ሰከንድ ለሥዕል ይበቃል።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ቡቺ እንጨቱን መንከስ ከጀመረ በኋላ ለአንድ ሳምንት ሙሉ ወደ ፊት አልሄደም፤ ይባስ ብሎ እንጨቱን ነክሶ ወዲያው እግሬ ሥር ይተፋው ጀመር፣ ከተፋም በኋላ ጅራቱን እየቆላ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እልኸኛ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ስልኬን አጥሩ ላይ አስደግፌ ልምምዱን ቀረጽኩትና አዝግሜ አየሁት፦ እርሱ እንጨቱን ይነክሳል፣ እኔ አያለሁ፣ አፉ ይከፈታል፣ ያኔ «ጎሽ» እላለሁ። ዘግይቼ የነበረው ከግማሽ ሰከንድ የማይበልጥ ቢሆንም ያ ግማሽ ሰከንድ መያዝን ሳይሆን መትፋትን ሲከፍል ሰንብቷል። ውሻው በትክክል የተከፈለበትን ሥራ ነበር የሚሠራው። ጥርሱ እንጨቱን ገና ሲጨብጥ «ጎሽ» ማለት ስጀምር መትፋቱ በ2 ቀን ቀረ። ስለዚህ ልምምድዎ ከተገታ ውሻውን ከመውቀስዎ በፊት ራስዎን ይቅረጹ።

ድምፁን ሰምቶ ለመብላት እንጨቱን መጣሉ ግን ስሕተት አይደለም፤ «ጎሽ» ማለት ሥራው አለቀ ማለት ስለሆነ። መሬት ላይ እንዳይጥለው ከፈለጉ መዳፍዎን ከአገጩ ሥር ዘርግተው እንጨቱ እጅዎ ላይ ሲያርፍ ብቻ በማጉረስ ማስተማር ይቻላል።

ከመንካት ወደ መስመር

አሁን ብሩሽ ያለበት እንጨት ይሰጠዋል፤ ብሩሹ ደረቅ ነው። ሰማያዊው ክብ ካርቶኑ ላይ እንዳለ ውሻውን ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት ያቁሙት። ክቡን በአፍንጫው መንካት ለምዷልና ወደዚያው ይሄዳል፤ ብሩሹ ግን ከአፍንጫው ስለሚቀድም ካርቶኑን ኳ ያደርገዋል። ያችን ድምፅ ይጠብቁ፤ ስትሰማ «ጎሽ» ብለው ያለዎትን ሁሉ ያጉርሱት። አንዳንድ ውሻ በመጀመሪያ እንጨቱን ጥሎ በአፍንጫው ይነካል፤ ይህ የድሮውን ትምህርት ማስታወሱ ነውና አይቆጡት፣ አያጉርሱትም፤ እንጨቱን መልሰው ይስጡት። 3 ጊዜ ተከታትሎ ከጣለ ወደ መያዙ ልምምድ ለአንድ ቀን መመለስ ያስፈልጋል።

መንካቱ ከጸና በኋላ ሁለተኛ ክብ ከመጀመሪያው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ በስተቀኝ ይለጠፋል። በመጀመሪያ አንዱን በመንካት፣ ከዚያ ሁለቱን ተከታትሎ በመንካት ይበላል። ብዙ ውሻ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ብሩሹን ከካርቶኑ ማንሣት ይረሳል ወይም ይታክተዋል፤ ያ ስንፍና ለእኛ ወርቅ ነው፣ ብሩሹ ካርቶኑ ላይ እየተንሸራተተ የሄደባትን ቅጽበት ይያዟት። ከዚህ በኋላ የሚከፈለው መንሸራተት ብቻ ነው። ክቦቹን ቀስ በቀስ በማራራቅ፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች በማድረግ አግድምም ቁልቁልም የሚሄድ መስመር ይገኛል፤ በመጨረሻም ክቦቹ በመቀስ እየተቀነሱ ይጠፋሉ።

ሥዕሉ አንድ ዓይነት መስመር ብቻ እንዳይሆን የሚፈልግ ሰው ከዶልፊኖቹ የሚማረው አለ። የዶልፊን አሠልጣኟ ካረን ፕራየርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሃዋይ ውስጥ አንዲት ዶልፊን ከዚያ በፊት አድርጋው የማታውቀውን አዲስ ድርጊት ስታሳይ ብቻ መክፈል ጀመሩ፤ ዶልፊኗ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አሠልጣኞቹ አይተውት የማያውቁትን እንቅስቃሴ ታፈራርቅ ጀመር፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1969 ታተመ። በውሻም ይሠራል፦ ሦስት ጊዜ አግድም ከሠራ በኋላ አግድሙ አይከፈል፣ ከዚያ የተለየ ማንኛውም ነገር ይከፈል። ቡቺ በዚህ መንገድ ብሩሹን እየጫነ ማሽከርከር ጀምሯል፤ ከሥራዎቹ ሁሉ የምወደው እርሱን ነው።

ቀለሙ ሲገባ

እርጥብ ብሩሽ ይከብዳል፣ ይሸታል፣ ይንጠባጠባል፤ ለውሻው አዲስ ዕቃ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ብሩሹ በውሃ ብቻ ይነከራል፤ ካርቶኑ ላይ የሚቀረው የውሃ ምልክት ለአሠልጣኙም መስመሩን ያሳያል። ከዚያ ቀለም ይነከራል፣ የሚጠየቀውም ወደ አንድ ንክኪ ይወርዳል። ብሩሹን ቀለም የሚነክረው ሰው ነው፤ ውሻው ራሱ እንዲነክር ማስተማር ይቻላል፣ ነገር ግን ግቢውን ማጠብ የርስዎ ድርሻ እንደሚሆን ያስቡበት። ቀለሙ ወፈር ያለ ይሁን፤ የቀጠነ ቀለም እንጨቱን ተከትሎ ወደ አፉ ይወርዳል።

የቃል ትእዛዝ የሚጨመረው ድርጊቱ ከጸና በኋላ ነው። ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሣል፣ ሣል» ይላል፤ ውሻው ግን ቃሉ ምን እንደሚጠይቀው ስለማያውቅ ቃሉ እንደ መንገድ ጫጫታ ይሆንበታል። ውሻው ብሩሹን ይዞ ወደ ሰሌዳው ሊንቀሳቀስ ሲል «ሣል» ይበሉ፤ በቀን ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ለሳምንት። ሴት ውሻ ከሆነች «ሣዪ» ማለት ይቀናናል፤ ዋናው ነገር ቤተሰቡ ሁሉ አንዱን ቃል መጠቀሙ ነው። የኛዋ አያት «በል እንግዲህ እንደ ትናንቱ አሳምረህ ሣልልን» እያሉ ቢለምኑት ቡቺ ዝም ብሎ ያያቸዋል፤ እርሳቸውም ለእኔ ብቻ እንደሚታዘዝ ቆጥረው ይቀየማሉ።

ሲበላሽ

ውሻው ብሩሹን ይዞ ሮጦ አጥር ሥር ተኝቶ የሚያኝከው ከሆነ ነገሩ ከሥልጠና ጉድለት ብቻ ላይመጣ ይችላል። ብሬላንዶች እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እንጨት ሳንቲም በቁጠባ ሳጥን እንዲከቱ ያስተማሯቸው አሳማዎች ጥቂት ሳምንታት በትክክል ከሠሩ በኋላ ሳንቲሙን በአፍንጫቸው መሬት ለመሬት እየገፉ መቅረት እንደ ጀመሩ ገልጸዋል፤ አሳማ ምግብ የሚፈልገው መሬት እየቆፈረ ነውና ተፈጥሮው ትምህርቱን አሸነፈው። ለውሻም በአፍ የተያዘ እንጨት አጥንት ነው፣ አደን ነው። መፍትሔው ሩጫውን ማሳደድ አይደለም፤ ማሳደድ ለእርሱ ጨዋታ ስለሆነ ሌላ ጉርሻ ነው። ልምምዱን ጠባብ ቦታ ያድርጉ፣ የሚያዝበትን ጊዜ ያሳጥሩ፣ ከልምምዱ በፊትም የሚያኝከው ሌላ ነገር ሰጥተው ጥቂት ያጫውቱት።

አፉን ያለ ምክንያት ቢያዛጋ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ቢልስ፣ ፊቱን ቢያዞር ወይም መሬት ማሽተት ቢጀምር ግራ ገብቶታል ወይም ታክቷል። አንድ ቀላል ነገር አሠርተው አጉርሰው ያሰናብቱት። ልምምዱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይሁን፤ ከዚህ የበለጠ ሰዓት የትምህርቱን ፍጥነት አይጨምርም። በእኛ ግቢ ፀሐይ ሳይበረታ ጧት ላይ ይሻላል።

አፍንጫው አጭር ለሆነ፣ ጥርሱ ለወደቀ ወይም እንጨት መያዝ ጨርሶ ለሚጠላ ውሻ በእግሩ ማሣል ይቻላል። ሰማያዊውን ክብ በፊት እግሩ እንዲነካ ይማራል፤ ከዚያ መሬት ላይ የተዘረጋ ወረቀት በቀለም በተነከረ መዳፉ ይረግጣል። መዳፉን ወዲያው በለብታ ውሃ ማጠብ ግዴታ ነው፤ ካልታጠበ ይልሰዋል። ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ፦ በወረቀቱ ላይ ቀለም ጠብ ጠብ ተደርጎ በሚታሸግ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይከተታል፣ ከከረጢቱ ውጭ የኦቾሎኒ ቅቤ ይቀባል፣ ውሻው ቅቤውን ሲልስ ምላሱ ቀለሙን ከውስጥ ይገፋዋል። ይህ ሥልጠና አይባልም፤ ለልጆች የበዓል ጨዋታ ግን ያምራል። ውሻው ፕላስቲኩን እንዳይነክስ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

አንድ ሥዕል መቼ አለቀ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው፤ እኔ ከ8 እስከ 10 መስመር ሲሆን ወረቀቱን አነሣለሁ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ቀለሞቹ ተደባልቀው ጭቃ ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሥዕሎቹ ለንደን ውስጥ ለሕዝብ የታዩለት ኮንጎ የተባለው ቺምፓንዚ ማንም ሳያጎርሰው ይሥል ነበር ይባላል፤ ቡቺ ግን ጉበቱ ያለቀ ዕለት ብሩሹን አስቀምጦ ወደ በሩ ይሄዳል። ያን ጊዜ ቀለሙ ሳይደርቅ ብሩሹ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ የተጠመጠመው ጨርቅ ተፈትቶ ይታጠባል፣ እንጨቱም ጥርስ የገባበት ስንጥቅ እንዳለው ይታያል። ከደረቀ በኋላ ውሻው የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀላል፤ ግቢ ውስጥ ተጥሎ ካደረ በማግስቱ የሚገኘው ጨርቁና ጥቂት የብሩሽ ጠጉር ብቻ ነው።